ሮቢን የሞተው እኛ አገር ነው

ለዲሲ ኮሚክስና ለማርቭል የታሪክ አዘጋጆች፤
ግልባጭ፦ ኮሚክ ለሚወድ የአገሬ አንባቢ በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤው በአማርኛ መሆኑ አይግረማችሁ፤ አውቄ ነው። እኔ የእናንተን ሥራ ለማንበብ ዓመታት ከሰው ቋንቋ ጋር ታግያለሁ። እናንተም አንዴ አስተርጓሚ ብትፈልጉ አትጎዱም። ደግሞ ነገሩ የቤታችን ነገር ስለሆነ የቤት ሰው እየሰማው ቢወራ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት፣ ጠላት አይደለሁም። አንባቢያችሁ ነኝ። አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ጋ ሽፋኑ የተገነጠለ ባትማን ካገኘሁ በዋጋ አልከራከርም። አዲሱን በኢንተርኔት ልግዛ ብል የባንክ ካርዴ ድንበር አያልፍም። ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረውን አነባለሁ። ይህችን ለጠበቆቻችሁ አትንገሩብኝ።

ጉዳዬ የባትማን ረዳት ሮቢን ነው። የመጀመሪያው ሳይሆን ሁለተኛው፣ ጄሰን ቶድ። ባትማንን በፊልም ብቻ የሚያውቅ ሰው ታሪኩን ላያውቀው ስለሚችል፣ ግልባጩ ለደረሰው ወገኔ ትንሽ ላስረዳ።

ጄሰን የጎዳና ልጅ ነበር። ከባትማን ጋር የተዋወቁት የባትማንን መኪና ጎማ ሲፈታ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ነው። ልጁን ለመውደድ ይህች ብቻ ትበቃለች። ቁጡ ነው፣ አይታዘዝም፣ አፉም አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ1988 (የእኛ ካላልኩ በቀር ዓመቶቼ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) በወጡት የባትማን ቁጥሮች ላይ ወላጅ እናቱን ፍለጋ ይነሳል። ፍለጋው በቤሩት አዙሮ መጨረሻ ላይ ኢትዮጵያ ያመጣዋል። እናቱ ሺላ ሄይውድ እዚህ የእርዳታ ሠራተኛ ናት።

ልጅ እናቱን አገኘ። እናትን ግን የባትማን ቀንደኛ ጠላት ጆከር ቀድሞ ይዟታል፤ የድሮ ገበናዋን እያነሳ ያስፈራራታል። የሚፈልገው ለረሃብተኛ የመጣውን መድኃኒት ነው። መድኃኒቱን ወስዶ ሊቸበችብ፣ በምትኩ ደግሞ ሰው እየሳቀ የሚሞትበትን ያን መርዙን ወደ መጠለያው ሊልክ። ባትማን መርዙን የጫኑትን መኪኖች ሊያስቆም ይሄዳል። ልጁን «እስክመለስ ምንም እንዳታደርግ» ብሎት። ጄሰን ደግሞ መቼ ሰምቶ ያውቃል! እናቱን ሊያድን ሄደ፣ ማንነቱንም ነገራት። እሷ ለካ ከእርዳታው ገንዘብ ለራሷ ስትቀንስ የኖረች ናት። እንዳይነቃባት ልጇን ለጆከር አሳልፋ ሰጠችው።

መጋዘኑ ውስጥ ጆከር ልጁን በብረት ዘንግ ቀጠቀጠው። ከዚያ እናትና ልጅን ከቦምብ ጋር ጥሏቸው ሄደ። ባትማን ሲደርስ መጋዘኑ ፈነዳ። ሺላ ልትሞት ስታጣጥር ለባትማን የነገረችው አንድ ነገር አለ። ያ የሸጠችው ልጅ ፍንዳታው እንዳያገኛት በገላው ከልሏት ነበር። ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ተቀምጫለሁ። ደራሲው ጂም ስታርሊንና ሰዓሊው ጂም አፓሮ ለዚህች ገጽ ምስጋና ይገባቸዋል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ከታሪኩም ይብሳል። ቁጥር 427 በፍንዳታው አለቀ። መጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ስልክ ቁጥር ታተመ። አንዱ ይኑር ለሚል፣ አንዱ ይሙት ለሚል። አንድ ጥሪ 50 ሳንቲም። ለ36 ሰዓት መስመሩ ክፍት ሆነ። ይሙት ያሉት 5,343 ጥሪዎች፣ ይኑር ያሉት 5,271። በ72 ጥሪ ብልጫ ልጁ ሞተ። ሳሎኑ የተቀመጠ አሜሪካዊ በ50 ሳንቲም ኢትዮጵያ ውስጥ ማን እንደሚሞት ወሰነ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር 1981 መሆኑ ነው። ያኔ እዚህ አንድ ቤት ስልክ ከገባ የሰፈሩ ስልክ ነበር። የምንደውልበትም ቢኖረን ማን ጠየቀን?

በልጁ ሞት አልተቀየምኩም። እንዲያውም እናንተ ጋ ሞት የዓመት ፈቃድ ከመሰለ ቆይቷል። ሱፐርማን በ1992 ኅዳር ላይ ሞተ፤ መጽሐፉ በጥቁር ከረጢት ታሽጎ፣ የሐዘን ጨርቅ ከውስጥ ተደርጎለት ሚሊዮኖች ገዙት፤ በዓመቱ ጸጉሩን አሳድጎ መጣ። ጄሰንስ? በ2005 ተመለሰ። እንዴት ተነሳ ቢባል፣ ከሌላ ዓለም የመጣ አንድ ጎረምሳ ሱፐርቦይ የእውነታን ግድግዳ በቡጢ ሲመታ ዓለም ተናግቶ ነው አላችሁን። እሺ ብለን አነበብን። አንባቢ ሲወድ እንዲህ ነው፤ የማይዋጠውን ይውጣል።

የማይዋጥልኝ ሌላ ነው። ባትማን መኪኖቹን ሊያስቆም የሄደው እኛን ሊያድን ነበር። ልጁ ብቻውን የቀረው በእኛ ምክንያት ነው። በኮሚክ ታሪክ ውስጥ ከታወቁት ሞቶች አንዱ የኛ ሂሳብ ላይ ተጽፏል። ታሪኩን ግን አገላብጡት። ባትማን አለ፣ ጆከር አለ፣ እናት አለች፣ ልጅ አለ። ታሪኩን አንድ እርምጃ የሚያንቀሳቅስ ኢትዮጵያዊ የለም። መጠለያው ውስጥ የተሰለፈው ሕዝብ ድንኳኑን ከሚሞላ በቀር ሥራ የለውም። የሚሰርቀው የውጭ ሰው፣ የሚያስቆመው የውጭ ሰው፣ የሚሞተውም የውጭ ሰው። እኛ መሬቱን አዋጣን።

እሱንም በቀላሉ ተቀማን። በ2010 ይኸው ታሪክ የካርቱን ፊልም ሆኖ ሲወጣ ጄሰን የሞተው ቦስኒያ ውስጥ፣ ሳራዬቮ ሆነ። አንድ አገር ነቅሎ ሌላ አገር ለመትከል ማንም አልተቸገረም። ከሥሩ አልነበረማ። መከራ ያለበት ቦታ እስከሆነ ድረስ የትም ይሆናል።

በ2013 ደግሞ ባትማን ራሱ ጄሰንን እዚሁ መልሶ አምጥቶት ነበር። የራሱ ልጅ ዴሚየን ሞቶበት፣ ሙት እንዴት እንደሚነሳ ጄሰን እንዲያስታውስለት ፈልጎ ነው። ልጁን የተገደለበት ቦታ ወስዶ አስታውስ ማለት! ተጣሉ፣ ተደባደቡ፣ ሄዱ። «ቤት ለእንግዳ» የሚላቸውም አልነበረም።

ለመሆኑ ስታርሊን ኢትዮጵያን ከየት አመጣት? እዚህ ጋ ፍትሐዊ ልሁን። ሰውየው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። በእኛ በ77ቱ ረሃብ ጊዜ ከሰዓሊው በርኒ ራይትሰን ጋር ሆነው ለረሃብተኞች ገንዘብ የሚያሰባስብ ኮሚክ እንዲታተም ሐሳቡን ያመጡት እነሱ ናቸው። በ1985 ማርቭል ኤክስ ሜን የተባሉትን የጀግኖች ቡድን ይዞ አንዱን አወጣ፤ በ1986 ዲሲ ሱፐርማንና ባትማንን ይዞ ሌላውን ደገመ። ብዙ ታዋቂ ደራሲና ሰዓሊ አንድ አንድ ሁለት ሁለት ገጽ እየወሰደ ተሳትፏል። ገቢው ለእርዳታ ሄደ። በዚያ ብር አንድ ሕፃን እንኳ ወተት ጠጥቶ ከሆነ እግዜር ይስጣቸው፤ ከልቤ ነው።

ታሪኮቹ ግን ምን ይላሉ? የማርቭሉ ላይ ኤክስ ሜን የሚገጥሙት በሰው ረሃብና ተስፋ መቁረጥ የሚደልብ ፍጡር ነው። የዲሲው ላይ ደግሞ ሱፐርማንና ባትማን፣ የሱፐርማንን ጠላት ሌክስ ሉተርን ሳይቀር አሰልፈው፣ ከጠፈር ከመጣ ባዕድ ጋር ይታገላሉ። ረሃብ ጭራቅ ሆነ። ጭራቅ ደግሞ በቡጢ ይመታል።

ወላጆቻችን የሚያውቁት ሰባ ሰባት ይህን አይመስልም። ዝናብ ቀርቷል፣ እሱ እውነት ነው። ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር፤ መንገድ ተዘግቷል፣ ገበያ ተበትኗል። ቆረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ደርግ አዲስ አበባን በቀይ ጨርቅ አስጊጦ አሥረኛ ዓመቱን ያከብር ነበር። ከውጭም እርዳታው የጎረፈው ሥዕሉ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ሰው ነው። ቢሮ ያለው፣ ፊርማ ያለው፣ ማኅተም ያለው ሰው። አንድም ጠፈረኛ አልነበረበትም።

«ልጆች ለሚያነቡት ነገር ፖለቲካ ምን ያደርጋል?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ እናንተው ቤት አለ። በ1938 ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ሱፐርማንን ሲያመጡት መብረር እንኳ አይችልም ነበር፤ ይዘላል እንጂ። በዚያች የመጀመሪያ ቁጥር ያለ ጥፋቷ ልትገደል የነበረች ሴት ያስፈታል። ሚስቱን የሚደበድብ ባል ያገኛል፣ እሱንም ያቀምሰዋል። ከዚያ ዋሽንግተን ሄዶ ከአንድ የሕዝብ እንደራሴ ጋር የሚዶልት ጉዳይ አስፈጻሚ ይይዝና የስልክ ሽቦ ላይ ተሸክሞት ይሮጣል፤ ሰውየው በድንጋጤ እስኪለፈልፍ። በሁለተኛው ቁጥር የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ባለቤቱን በግድ ወታደር አድርጎ ግንባር ይወስደዋል፤ የራሱ ጥይት በራሱ ላይ ሲያፏጭ እንዲሰማ። በሦስተኛው የማዕድን ጉድጓድ ባለቤቱን እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ እንዲዘጋበት ያደርጋል።

ይህ ነው የኔ ሱፐርማን። ጦርነት ከየት እንደሚነሳ የሚያውቅ፣ የሠራተኛ ሕይወት ለምን እንደሚረክስ የሚያውቅ፣ ሄዶ በሩን የሚያንኳኳ። ሁለት ድሃ የክሊቭላንድ ልጆች ይህን በ1938 ከጻፉት፣ በ1986 ያ ሁሉ አንቱ የተባለ ደራሲ ተሰብስቦ የኛን ረሃብ ለጠፈረኛ መስጠቱ ሰነፍነት ነው። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ጉዳይ አስፈጻሚውን ሽቦ ላይ ያስሮጠ ሰው አዲስ አበባም መጥቶ አንድ ሁለት ሰው ሽቦ ላይ ቢያስሮጥ ምን ነበረበት?

አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉልኝ። አፍሪካ እናንተ ጋ የፈጠራ አገር ስትሆን ሀብታም ናት። ማርቭል በ1966 ብላክ ፓንተርንና ዋካንዳን አመጣ፤ ማንም ያልገዛው አገር፣ ከዓለም የቀደመ ቴክኖሎጂ፣ ኩሩ ንጉሥ። ስሟ በካርታ ላይ ያለ አገር ስትሆን ግን ድንኳንና ሰልፍ። በእኛ በ1888 ዓድዋ ላይ ወራሪ የመለሰ ሕዝብ ዋካንዳን ሲያይ «ይቺንስ አውቃታለሁ» ቢል አይፈረድበትም። የ2018ቱን ፊልም ከጓደኞቼ ጋር አይቼ ወድጄዋለሁ። ጭብጨባውም አልቀረም። ብቻ የወንዙ ጎሳ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ሸክላ አድርጎ ብቅ ሲል ተያየን። ሸክላው ከኦሞ ሸለቆ ነው፤ ሙርሲና ሱሪዎች ጋ ግን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ከእኛ ሲወሰድ እንኳ የማን እንደሆነ አልተጠየቀም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ አንድ የሐሰት ደብዳቤ ዞሮ ነበር። ጸሐፊው ነኝ ያለው ቄስም ንጉሥም የሆነ ዮሐንስ ነው። 72 ነገሥታት ይገብሩልኛል፣ ወንዜ ዕንቁ ይዞ ይወርዳል፣ አገሬ ድሃ የለም ይላል። መጀመሪያ ወደ ህንድና እስያ ፈለጉት፤ ኋላ ኢትዮጵያ ነው አሉ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች አፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲደርሱ የሚያዩት ንጉሥ ያ የደብዳቤው ዮሐንስ መስሏቸው ነበር። ማርቭልም ይህን ቄስ ንጉሥ አልማረውም፤ ብላክ ፓንተር በታየ በሁለት ቁጥር ውስጥ ከመቃብር አንስቶ ገጸ ባሕሪ አደረገው። እንግዲህ ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ ስለ እኛ ፋንታሲ ሲጻፍ ኖሯል። ወይ ዕንቁ የሚፈስበት፣ ወይ እንባ የሚፈስበት። ሻይ የሚጠጣ፣ ታክሲ የሚጋፋ፣ በኪራይ የሚጨቃጨቅ ሰው ያለበት አገር አድርጎ የሳለን ግን ጠፋ።

የኛስ ፋንታሲ የለም? ሞልቷል። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፤ ዘንዶው አርዌ። አተራረኩ እንደየቦታው ይለያያል፣ ግንዱ ግን አንድ ነው። አገሩን የሚገዛው ዘንዶ ነበር። 400 ዓመት ነገሠ ይላሉ። ሕዝቡ ከብቱን ይገብርለታል፣ ልጃገረድ ይገብርለታል። አንድ ሰው፣ አጋቦስ የሚሉትም አሉ፣ ብገድለው ምን ትሰጡኛላችሁ ብሎ ጠየቀ፤ እናነግሥሃለን አሉት። ሰይፍ አልመዘዘም። ፍየል አመጣና መርዝ አበላት፤ ዘንዶው እንደ ልማዱ ግብሩን ሲውጥ ሞተ። ንግሥት ማክዳ የዚህ ሰው ልጅ ናት ይባላል።

አያችሁ ይሄን ዘንዶ? ከጠፈር አልመጣም። ንጉሥ ነው። ሕዝቡን የሚያስርበው ግብር እየተቀበለ ነው። የገደለውም ጉልበተኛ ሳይሆን ዘንዶው ምን እንደሚበላ ያጠና ሰው ነው። እሳት ዳር የምትተርክ አያት ረሃብ ከየት እንደሚመጣ ከ1986ቱ አዘጋጆች በላይ ታውቅ ነበር።

ፋንታሲን «ከእውነት መሸሻ» እያሉ የሚያጣጥሉት ሰዎች እዚህም አሉ፤ ግልባጩ ለእነሱም ነው። ቁም ነገር የምትሉት መጽሐፍ አንዳንዴ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድበትን፣ አንድ ዘንዶ በአንድ ፍየል ይጨርሰዋል። እኔ እናንተን የምጠላበት ምክንያት የለኝም፤ ዝም ብላችሁ አንብቡ። ለመጀመሪያ ኤታን ኮሚክስ በ2018 ያወጣውን «ጀምበር» ሞክሩ፤ በአማርኛም አለ። ጀግናው ተመርቆ ሥራ ያጣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ኃይል ከማግኘቱ በፊት ሲቪ ይዞ ሲዞር የሚያልቀው ጫማው ነው የገባኝ።

ወደ እናንተ ልመለስና የምፈልገውን ልናገር። ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ በይቅርታ መጽሐፍ አይወጣም። አንድ ታሪክ ነው የምፈልገው።

ጄሰን ቶድ ዛሬ ሬድ ሁድ ነው፤ ሽጉጥ የታጠቀ፣ ባትማን የማይገድለውን የሚገድል። ይምጣ። ባትማን ጎትቶት ሳይሆን በራሱ እግር። ያኔ ባትማን መኪኖቹን ባያስቆም መርዙ የሚደርስበት መጠለያ ውስጥ አንዲት ሕፃን ነበረች በሉ። ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። እሱ ገና ጎልማሳ፣ እሷ ልጆች ያደረሰች፤ እናንተ ጋ ሰው ስለማያረጅ ይህን እንደምንም አስታርቁት፣ የእውነታን ግድግዳ በቡጢ ካስመታችሁ ወዲህ የሚያቅታችሁ የለም። መድኃኒት ቤት ትሠራ። ክምችቱን በመዝገብ ትያዝ። ቁጥሩ አልገጥም ይበላት። ሳጥኑ ሙሉ ነው ተብሎ ተፈርሞበታል፣ ስትከፍተው ግማሽ ነው። ማን እንደፈረመ ታውቃለች። ሽጉጥ የያዘ ነጭ ልጅ ሊረዳት ሲመጣ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ትበለው። ማን እንደሆነ ቢነግራት አታውቀውም። ለእሷ ሲባል ብቻውን እንደቀረ፣ ብቻውን ስለቀረም እንደሞተ አታውቅም። እሱም አይንገራት፤ ወይም ይንገራት፣ እሱን ለደራሲው እተዋለሁ። ሌባውን ግን የምትይዘው እሷ ትሁን። በመዝገቡ። እሱ ሳጥን ይሸከም።

ስም ስጧት። በየገጹ የምትጠራበት ስም፣ የአባቷም ጭምር።

ሐሳቡን በነጻ ወስዳችሁታል፤ ለእኔ ምንም አልጠይቅም። የሚስለውን ሰው ግን ከዚህ ፈልጉ። መርካቶን ከፎቶ ሳይሆን ከእግሩ የሚያውቅ ልጅ ሞልቷል። ስሙ ሽፋኑ ላይ ይውጣ፣ ክፍያውም እንደ ሌላው ሰዓሊ ይሁን። ሲግልና ሹስተር ሱፐርማንን በ130 ዶላር ሸጠው ምን እንደደረሰባቸው እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጄሰን ቶድ ወዳጅ የሆነ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ